ባቡሩ መጀመሪያ የደረሰው አቃቂ ነው

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር
ለአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ
ለኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን
የትም ላላችሁ የአቃቂ ልጆች

ጉዳዩ፦ የአቃቂን ባቡር ጣቢያ ታሪክ ይመለከታል

ጤና ይስጥልን።

በቅርቡ ለገሃር ፊት ለፊት ታክሲ ስጠብቅ አንድ ወጣት ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ሰማሁ። የይሁዳ አንበሳን ሐውልት በጣቱ እያሳየ፣ «ባቡር ወደ ሸገር ሲመጣ መጀመሪያ የቆመው እዚህ ጋ ነው» አላቸው። በልበ ሙሉነት ነው የተናገረው። ጓደኞቹም ፎቶ አነሱ። ጣልቃ ልገባ ብዬ ተውኩት። የማያውቁትን ልጅ በአደባባይ ማረም ደስ አይልም። ታክሲውም መጣ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልወጣልህ አለኝ። ልጁ አልዋሸም። የሰማውን ነው የደገመው። የሰማው ታሪክ ግን 23 ኪሎ ሜትር ይጎድለዋል።

የጅቡቲው ባቡር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1915 አቃቂ ደረሰ። አዲስ አበባ ለመግባት 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ቀርቶት ነበር። ያችን ጨርሶ ዋና ከተማው የገባው በ1917 ነው፤ በእኛ 1909 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በመሃል ሁለት ዓመት አለ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከባሕር የሚመጣው ሐዲድ የሚያልቀው እኛ ሰፈር ነበር። ከጅቡቲ ተሳፍሮ የመጣ ሰው አቃቂ ወርዶ ጓዙን ሰብስቦ በቅሎ ይፈልጋል። «አዲስ አበባ ገባሁ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች ሁለት ዓመት ነው። ሌላውን ታሪክ ብዙ ሰው ጽፎታል፣ እኔ ባልጨምርበት ይሻላል። ግን አንዱ ያለ ሌላው አይገባምና ከሥሩ ቶሎ ቶሎ ልበልና ልለፍ።

አፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። የተቀበለው ስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነበር። ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ሸሪኩ ሆነ። የታሰበው መስመር ዛሬም ያስደንቀኛል። ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋ፣ ከከፋ ነጭ ዓባይ። ወረቀት ላይ ሁሉም ሜዳ ነው! ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1895 ሐዲዱ ሐረር አፋፍ ደረሰ፤ ተራራውን መውጣት ግን ከበደው። ከታች ሜዳው ላይ ቀረና ድሬዳዋን ወለደ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ፣ ኩባንያው ተንኮታኮተ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ደግሞ ሐዲዱ የማን ይሁን እያሉ ዓመታት ተነታረኩ። በ1900 ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተቋቋመና ሥራው እንደገና ተንቀሳቀሰ። ባቡሩ ከድሬዳዋ አቃቂ ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀበት ማለት ነው። በእግሩ የወጣ ነጋዴ ስንት ጊዜ በተመላለሰ!

ምኒልክ ታኅሣሥ 1906 ዐረፉ። ስልክ አስገብተዋል፣ ባንክ ከፍተዋል፣ አውቶሞቢልም አይተዋል። ያን ያህል የደከሙበት ባቡር ከተማቸው ሲገባ ግን አላዩም። አቃቂ ሲደርስም አልነበሩም።

ሐዲዱ እኛ ጋ ቆሞ በነበረበት ጊዜ አገሪቱ ደግሞ አልቆመችም ነበር። ዓለም በሙሉ ጦርነት ላይ ነበር። እዚህ ቤት መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። በወሩ ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፉ። የካቲት ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ ጫኑ። ትምህርት ቤት የተማርነው የዙፋን ታሪክ በአንድ ዓመት ውስጥ ተገለባብጦ አለቀ። ያ ሁሉ ሲሆን ለገሃር ገና ባቡር አያውቅም። ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ሰው የአቃቂን ስም አንድ ጊዜ ቢጠራ ምን ነበረበት? ብዙውን ጊዜ አይጠራም። «ባቡሩ ዘግይቶ አዲስ አበባ ገባ» ብሎ ያልፋል።

እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ማራገፊያውን ነው። ጨርቁ፣ ብረቱ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ አቃቂ ላይ ከፉርጎ ይወርዳል። ከዚያ በአህያ፣ በበቅሎ፣ በሰው ትከሻ ሽቅብ ወደ ከተማ። ቡናውና ቆዳው ደግሞ ቁልቁል ወደ እኛ። ጫኝና አውራጅ አለ። ሻይ የምታፈላ አለች። አህያ አከራይ አለ። ሌባም ሳይኖር አይቀርም። አንድ ሰፈር በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲሆን፣ ከዚያ ሐዲዱ አልፎት ሲሄድ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅተኝም። በእኔ ዕድሜም ደግሞ አይቼዋለሁና።

በነገራችን ላይ «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ ወሬ አለው። ለገጣፎ፣ ለገዳዲ ማለት የለመደ ሰው ለገሃርም እንደዚያው ኦሮምኛ ይመስለዋል። በኦሮምኛ ለገ ወንዝ ነው። ለገሃር ግን ከወንዝ ጋር ግንኙነት የለውም። ፈረንሳዮች ጣቢያን «ላ ጋር» ይሉታል። እኛ አፋችን ላይ አዙረን አሳመርነውና ቀረ። ድሬዳዋም የራሷ ለገሃር አላት። አቃቂ ቀድሞም የራሷ ስም ስለነበራት ለገሃር የሚባል ነገር አልተለጠፈባትም። ሰፈር የመጨረሻ ጣቢያ የነበረ መሆኑን በስሙ ካልያዘ ሰው እንዴት ያስታውሰዋል? ለመረሳታችን አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

አሁን ሰው ፎቶ የሚነሳበት የለገሃር ሕንፃ የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ነው። ባቡሩ ከገባ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ንድፉ የፈረንሳዊው የፖል ባሪያ ነው። አንበሳው የቆመው በሚቀጥለው ዓመት፣ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ነው። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመለሰ። ቆንጆ ሕንፃ ነው፣ ቆንጆ አንበሳ ነው፤ በዚያ አልከራከርም። የለገሃርን ክብር የሚነካ ሰው ቢመጣ እኔም አብሬ እጮሃለሁ።

ለገሃር ሲከፈት አቃቂ የከተማ ዳር ጣቢያ ሆነች። ከከተማ ለሚወጣው ገና ወንበሩን ሳያሞቅ የሚያልፋት፣ ከጅቡቲ ለሚመጣው ደግሞ «በቃ ደረስን» የሚልባት ቦታ። የድሮው ጉዞ ሦስት ቀን ነበር። ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። አንዱን ሌሊት አዋሽ፣ አንዱን ድሬዳዋ ማደር ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ሽቅብ። ሦስት ቀን አቧራ የጠጣ መንገደኛ አቃቂ ሲደርስ ፊቱን ታጥቦ ክራቫቱን የሚያስተካክል ይመስለኛል። በ1916 አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በዚህ አልፈዋል። በ1923 ለዘውዱ በዓል የመጡ የውጭ እንግዶችም ከጅቡቲ በባቡር ነው የገቡት። ሌላ መንገድ የለማ! ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ለስደት ሲወጡ የተሳፈሩበት ባቡርም በዚሁ ሐዲድ ነው የሄደው። ከሦስት ቀን በኋላ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ያን ባቡር ከአቃቂ ደጃፉ ቆሞ ያየ ሰው ማን እንዳለፈ ያውቅ ይሆን?

ከነጻነት በኋላ ፋብሪካዎች መጡ። ለምን አቃቂ፣ ለምን ቃሊቲ፣ ለምን ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካርታ ላይ ሐዲዱን ይከተል። መልሱ እዚያው ነው። ጥጡም ማሽኑም በፉርጎ ይመጣል። አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ የሆነችው ንፋሱ ስለሚስማማት አይደለም። ዛሬ «የኢንዱስትሪ ዞን» የሚባለው ነገር ሥሩ ይሄ ጣቢያ ነው። ክፍለ ከተማው በፋብሪካዎቹ ሲኮራ እሰማለሁ። ይኩራ። ግን የኩራቱን እናት ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

እኔ የደረስኩበት ባቡር ዘመን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የደርግ ጊዜ። የእንፋሎቱ ዘመን አልፎ ናፍጣ ሆኗል። እናቴ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ ነበር። ባቡሩ ሲቆም በመስኮት በኩል ነው ሽያጩ። ከላይ እጅ ይዘረጋል፣ ከታች እጅ ይዘረጋል፣ ሳንቲሙ በመሃል ይለዋወጣል። ባቡሩ ድንገት ከተንቀሳቀሰ ግማሹ ገዢ ሳይከፍል ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ሳንቲሙን ወርውሮ ይሄዳል። የእኔ ሥራ የተወረወረውን ሳንቲም ከጠጠሩ መሃል መልቀም ነበር። ጎበዝ ነበርኩ። ሳንቲም ስትወድቅ በድምጿ አሥር ይሁን ሃያ አምስት አውቃለሁ።

ሰዓት አልነበረንም። ባቡሩ ራሱ ሰዓት ነበር፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ይዘገያል። «የጠዋቱ ባቡር ሳይመጣ ትምህርት ቤት ረፈደ አይባልም» ብዬ አስተማሪ ፊት ተከራክሬ ተገርፌያለሁ።

የድሬዳዋ ነጋዴ ሴቶች ደግሞ ሌላ ዓለም ነበሩ። ቀጭን ሆና ወደ ድሬ የወረደች ሴት ስትመለስ ወፍራለች። ቀሚስ በቀሚስ ላይ፣ ሻርፕ በሻርፕ ላይ። «ፊናንስ መጣ!» ሲባል፣ የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪው ፖሊስ ማለት ነው፣ ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ያለው ትርምስ ከውጭ ይሰማል። ባቡሩ ጣቢያ ሳይደርስ ፍጥነቱን ሲቀንስ ጥቅል ዕቃ በመስኮት ይወረወራል። ከታች የሚቀበል ሰው አለ። ሕገ ወጥ ነው፤ አውቃለሁ። ግን በዚያ ዕቃ ስንት ልጅ ተማረ መሰላችሁ። የመጀመሪያ የስፖርት ጫማዬ የመጣው ከዚያ ነው። እናቴ ይህን ስታነብ «ምን አስወራህ» ትለኛለች።

ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከድልድይ ወደ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ያን ሰሞን እናቴ ቆሎዋን ይዛ አልወጣችም። ማንም አልወጣም። በመስኮት የምናውቃቸው ፊቶች ነበሩ፣ ስማቸውን አናውቅም። የትኛው ሞተ፣ የትኛው ዳነ ብሎ መጠየቂያ የለም። በቀጣዩ ሳምንት ባቡሩ ሲመጣ እሷ በየመስኮቱ እያየች ስትቆጥር ትዝ ይለኛል። ምን እንደምትቆጥር አልጠየቅኳትም።

እንዴት ተዘጋ? አንድ ቀን አልተዘጋም። ሐዲዱ አረጀ፣ ድልድዮቹ አረጁ፣ ሞተሮቹ አረጁ። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜም መስመሩ ብዙ ጉዳት ደርሶበት ነበር። የናዝሬት አስፋልት ላይ ደግሞ ከባድ መኪናው በዛ፣ አውቶቡሱ ፈጠነ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ጠባብ መንገድ ከከባድ መኪና ጋር መወዳደር አልሆነለትም። ከአውሮፓ ኅብረት በመጣ ገንዘብ መስመሩን የማደስ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ ያም መዳኛ አልሆነውም። በሁለት ሺው ሚሌኒየም ሰሞን፣ እኛ ሻማና ፖስተር ስንገዛ፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ መንገደኛ ባቡር እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። የሚገርመው በዚያው በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። አሮጌው ሲሞት አዲሱ ተወለደ፤ ቀብርና ክርስትና በአንድ ዓመት።

ስንብት አልነበረም። ንግግር አልነበረም፣ ሪባን አልነበረም። ለመክፈቻ ሁሌም ሪባን አለ፤ ለመዝጊያ የለም። እኛ «ነገ ይመጣል» እያልን ነው የተዘጋው።

ከዚያ ሐዲድ ማለት ብረት ማለት ሆነ። በመስመሩ ብዙ ቦታ ላይ ተነቅሏል፣ ተቀብሯል፣ አጥር ሆኗል፣ ቤት ተሠርቶበታል። ልጆች «ሐዲዱ ጋ እንገናኝ» ይባባላሉ። ሐዲድ አይተው ግን አያውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መስከረም 2008 የከተማ ቀላል ባቡር ተከፈተ። በእውነት ደስ አለኝ። ከምኒልክ አደባባይ የሚነሳው መስመር ወደ ደቡብ ወርዶ ቃሊቲ ያበቃል። አቃቂ አይደርስም። ካርታውን ዘርግቼ ለብቻዬ ሳቅሁ። የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት ባቡር አቃቂ ደርሶ አዲስ አበባ አልገባም ነበር። ዛሬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነስቶ አቃቂ አልደረሰም። አዲሱ የጅቡቲ መስመርም በ2009 ተመረቀ። እሱም ለመንገደኛ ጣቢያው ፉሪ ለቡ ነው። እንዶዴ በእኛ አቅጣጫ አለ፤ ግን የጭነት ነው። ቆሎ የሚገዛ ኮንቴይነር የለም።

ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። መስመር የሚዘረጋው በትዝታ አይደለም፤ መሐንዲስም ገንዘብም አለበት። እኔ ባቡር አምጡልኝ አላልኩም። የምለው ሌላ ነው፦ ባቡር ልትሰጡን ባትችሉ ታሪካችንን ስጡን። እሱ እንኳን ኮንክሪት አይፈልግም።

ምን አድርጉ ነው የምትለው ትሉኝ ይሆናል። የድሬዳዋን ለገሃርና ወርክሾፑን ሄዳችሁ እዩት። ሰው እየሄደ ያያል፣ አሮጌዎቹ ማሽኖች አሉ። የአስመራ ሰዎች ደግሞ የተበላሸውን የምጽዋ ሐዲድ ሲያድሱ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኞችን ጠርተው ነው የሠሩት፤ ዕውቀቱ እነሱ እጅ ላይ ስለነበረ። ኢየሩሳሌም የሚኖር ዘመድ ያላችሁ ጠይቁት። በ1892 በፈረንጅ የተከፈተው የከተማዋ አሮጌ ጣቢያ በ1998 ተዘግቶ ነበር። ለዓመታት ወና ቆየ። በ2013 ግን «የመጀመሪያው ጣቢያ» ተብሎ ተከፈተ። ሰው ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ሐዲዱ ላይ ይራመዳል፣ ቡና ይጠጣል። ባቡር የለም። ታሪኩ ግን አለ፤ ስሙ ራሱ ይናገራል።

እኛ ያን ያህል አልጠየቅንም። አቃቂ ላይ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ይቁም። በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ። «የጅቡቲ ባቡር በዚህ ደረሰ፣ ወደ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት የመጨረሻው ጣቢያ ይህ ነበር» ይበል። ዓመተ ምሕረቱ ይጨመርበት። ከተገኘ ሃያ ሠላሳ ሜትር ሐዲድ ባለበት ይታጠር። ካልተገኘ ከሌላ ቦታ ይምጣ፣ ሐዲድ ሐዲድ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባል ሕግ አለን፤ የማይንቀሳቀስ ቅርስ ምን እንደሆነ ያውቃል። እናንተ ደግሞ አዋጁን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የቀረውን ነገር መጥታችሁ መዝግቡ። ዶዘር ከመምጣቱ በፊት ማለቴ ነው። ከዶዘር በኋላ የሚመዘገበው ካሳ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያስቸኩለኝ ሰዎቹ ናቸው። ባቡር ነጂዎቹ፣ ትኬት ቆራጮቹ፣ ሐዲድ ጠጋኞቹ አርጅተዋል። ብዙዎቹ ሄደዋል። በሕይወት ያሉት ፈረንሳይኛ የሚቀላቅሉ፣ ኮፍያቸውን ቀጥ አድርገው የሚያደርጉ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ ጎረቤቴ ነው። ጋሼ ነው የምለው። አሁን ማየት አይችልም። ግን ከለገሃር እስከ አዋሽ ያሉትን ጣቢያዎች በተራ ይጠራልሃል፣ የትኛው ኩርባ ላይ ፍሬን እንደሚያዝ ሳይቀር። እጁን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ጣቱ ሲታጠፍ ኩርባው ይሰማሃል። አንድ ተማሪ በስልኩ ቢቀዳው ግማሽ ቀን ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ላጣችሁ፣ ይኸው። እኔ ሻዩን እከፍላለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከሦስት ዓመት በፊት ራሴ ሞክሬ ነበር። የአቃቂን ጣቢያ የድሮ ፎቶና የሰዓት ሰሌዳ ፍለጋ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለመክሰስ አይደለም። «ደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። አመጣሁ። «ከድርጅት መሆን አለበት» አሉኝ። ድርጅት የለኝም፣ የአቃቂ ልጅ ነኝ አልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው አዘነልኝ መሰለኝ፣ «አባቴ፣ የድሮ ወረቀት ከፈለጉ እዚያ ማዶ ጆንያ ውስጥ የሚሸጡ አሉ» አለኝ። ሄድኩ። የምፈልገውን አላገኘሁም፤ አንድ አሮጌ የሦስተኛ ማዕረግ ትኬት ግን ገዛሁ። አማርኛና ፈረንሳይኛ ነው። የተበሳ ነው። ማን እንደተጓዘበት አላውቅም። መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የሚቆመው ነገር ሲቆም ለሱ እሰጠዋለሁ፤ ቤቴ ተቀምጦ ምን ይሠራል።

ሌሎችም ያላቸው ይመስለኛል። ፋኖስ ያለው፣ ኮፍያ ያለው፣ ፊሽካ ያለው፣ ጋብቻው በባቡር የሆነ ፎቶ ያለው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የአቃቂ ልጆች፣ የእናት አባታችሁን ሳጥን እስኪ ክፈቱ። ከድሬ የመጣች ሻርፕም ብትሆን ትቆጠራለች።

እናቴ አሁን ሰማንያ አልፏታል። ባለፈው ወር ሐኪም ቤት ልወስዳት ቃሊቲ በኩል ስናልፍ ቀላል ባቡሩ ጥሩምባውን ነፋ። ቀና አለች።

«የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ።

«እዚህ ያበቃል እማዬ። ከዚህ ይመለሳል» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና፣ «እንቁላሉን እዚህ አምጥቶ መሸጥ ነዋ» አለች።

መልሳችሁን በአክብሮት እጠብቃለሁ። በአካል መምጣት ለምትፈልጉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የድሮው ሐዲድ ያለፈበት አጠገብ ሻይ ቤት አለሁ። ጋሼም ይኖራል። ኩርባዎቹን ያሳያችኋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአቃቂ ልጅ